ኮል ከማለትዎ በፊት፦ ፖከር ስንጀምር ብናውቃቸው ኖሮ የምንላቸው ነገሮች

ላስ ቬጋስ ውስጥ ባሉ የፖከር አዳራሾች፣ በተለይ መነሻ ውርርዳቸው 1 እና 3 ዶላር በሆነ ጠረጴዛዎች ዙሪያ፣ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ካርታ ከሚያከፋፍሉት መካከልም የአገራችን ልጆች አሉ። ብዙዎቻችን ካርታን የለመድነው በወጣትነታችን ኮንከር ስንጫወት ስለሆነ፣ ፖከር ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ ካርታ መያዙ አዲስ አልሆነብንም፤ ካርታው አዲስ ስላልሆነብን ደግሞ ጨዋታውም አዲስ አልመሰለንም። ይህ ግምት እኔን ለሁለት ዓመት ያህል ገንዘብ አስከፍሎኛል። አሁን ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ያንኑ መንገድ በዚያው ዋጋ እንዳይሄዱበት ከልቤ ስለምመኝ፣ እኔና አብረውኝ የሚጫወቱ ወዳጆቼ ዘግይተን የተማርነውን እዚህ ላይ አስቀምጣለሁ።

የምናገረው ስለ ቴክሳስ ሆልደም ነው። ጨዋታው በ52 ካርታ የሚካሄድ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ለብቻው ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች በሦስት ደረጃ ይገለጣሉ። መጀመሪያ በአንድ ላይ የሚወጡት ሦስቱ ፍሎፕ፣ አራተኛው ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር ይባላሉ። የጋራ ካርታዎቹ ከመውጣታቸው በፊትም ሆነ በየደረጃው ከወጡ በኋላ ውርርድ አለ። ተራው የደረሰው ሰው ካርታውን ጥሎ ከወጣ ፎልድ አደረገ፣ ሌላው ያስያዘውን ያህል ከከፈለ ኮል አለ፣ ከዚያ በላይ ከጨመረ ሬይዝ አደረገ ይባላል። ከሦስቱ ጀማሪን የሚያከስረው መካከለኛው ነው። በአንድ ትልቅ ውርርድ ሙልጭ ብሎ የሚወጣ ጀማሪ አለ፤ የሚበዛው ግን «እስቲ አንድ ካርታ ልይ» እያለ አንዴ 10 ዶላር፣ አንዴ 25 ዶላር እየከፈለ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳያውቀው የሚያልቅበት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ይህን ክፍያ የሚመለከት ነው።

አብዛኛው ካርታ የሚጣል ነው

ሁለት ካርታ በ1,326 መንገድ ሊደርስዎ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ጥንድ የሚመጣልዎት በአማካይ ከ17 ዙር አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንድ ኤስ ደግሞ ከ221 ዙር አንድ ጊዜ ነው። በአዳራሽ ውስጥ በሰዓት የሚከፋፈለው ከ25 እስከ 30 ዙር ያህል በመሆኑ፣ ጥንድ ኤስ በእጅዎ የሚገባው በአማካይ በሰባት፣ ስምንት ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ እረፍት ይሰጣል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የረባ ካርታ ሳይመጣልዎ ቢቀር ዕድልዎ ጠሞብዎት ሳይሆን ሂሳቡ የሚለው እንዲያ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ግን መኪና ነድቶ፣ ማቆሚያ ፈልጎ፣ ተራ ጠብቆ ከተቀመጠ በኋላ ለመጫወት እንጂ ለመጣል አልመጣሁም ብሎ ስለሚያስብ፣ ሠላሳ ደቂቃ ከታገሠ በኋላ የመጣለትን ማንኛውንም ካርታ ይዞ ይገባል።

ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ይዘው ፍሎፕ ሲገለጥ፣ ከሦስት ጊዜ ሁለቱ ከካርታዎችዎ አንዱም ጥንድ አያገኝም። ስለዚህ ከፍሎፕ በፊት የሚከፍሉት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ ነው፤ ሊመለስ የሚችለው ፍሎፑ ከካርታዎ ጋር ሲገጥም የሚይዙት ነገር ጠንካራ ከሆነ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያታልሉ ሁለት ዓይነት ካርታዎች አሉ፤ በሁለቱም እኔ ራሴ ብዙ ከፍያለሁ።

አንደኛው ምልክታቸው አንድ የሆኑ ካርታዎች ናቸው። ሁለቱም ልብ ከሆኑ፣ ቁጥራቸው 9 እና 3 ቢሆንም እንኳ፣ ጀማሪው አምስት ልብ ሞልቶ ፍላሽ ሲሆንለት ይታየዋል። ፍላሽ በፍሎፕ ላይ የሚሞላው ከ119 ጊዜ አንድ ጊዜ ሲሆን፣ አምስቱም የጋራ ካርታዎች እስኪገለጡ ድረስ ቢቆዩ እንኳ የሚሞላው ከመቶ ስድስት ጊዜ ተኩል ያህል ነው። ምልክታቸው አንድ መሆኑ የማሸነፍ ዕድልዎን የሚጨምረው በጥቅሉ ከሁለት እስከ ሦስት በመቶ ነው። ይህ ጭማሪ ጥሩውን ካርታ የተሻለ ያደርገዋል፤ መጥፎውን ካርታ ግን ጥሩ አያደርገውም።

ሁለተኛው ኤስ ከደካማ ካርታ ጋር ነው። ኤስ እና 7 ይዘው ሌላው ኤስ እና ኪንግ ከያዘ፣ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ይሸነፋሉ። የከፋው ግን ሽንፈቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ፍሎፕ ላይ ኤስ ካልወጣ ትንሽ ገንዘብ አጥተው ይወጣሉ፤ ኤስ ከወጣ ደግሞ ጥንድ ኤስ አለኝ ብለው እስከ መጨረሻው ይከፍላሉ፤ ከእርስዎ የሚያንስ ካርታ የያዘው ሰው ግን ኤሱን ሲያይ ስለሚወጣ ከእርሱ የሚያገኙት የለም። ስለዚህ ሲያሸንፉ ትንሽ፣ ሲሸነፉ ብዙ ይሆናል። ኪንግና 8፣ ኩዊንና 6፣ እነዚህ ሁሉ የዚሁ በሽታ ተጠቂዎች ናቸው።

መቀመጫ

በጠረጴዛው ዙሪያ በየዙሩ አንድ ቦታ ወደ ግራ የሚሄድ ክብ ምልክት አለ፤ በተን ይባላል። ከፍሎፕ ጀምሮ መጨረሻ የሚወስነው በተኑ ፊቱ ያለው ሰው ነው። መጨረሻ መወሰን ማለት የሌሎቹን ሁሉ እርምጃ አይቶ መክፈል ማለት ስለሆነ፣ ያው አንድ ካርታ በተን ላይ ሲይዙት ትርፍ የሚያመጣ፣ መጀመሪያ በሚወስነው መቀመጫ ላይ ሲይዙት ኪሳራ የሚያመጣ ሊሆን ይችላል። ከበተኑ በስተግራ ያሉት ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ ብላይንድ የሚባለውን መነሻ ገንዘብ ስለሚያስይዙና ከፍሎፕ በኋላ ቀድመው ስለሚወስኑ፣ ምርጥ ተጫዋች እንኳ በረጅሙ ሲቆጠር ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ገንዘብ ያጣል፤ ጥበቡ የሚያጣውን ማሳነሱ ላይ ነው።

ለመነሻ ያህል፣ ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ መጀመሪያ ላይ ሲወስኑ ከአሥር ዙር አንዱን ወይም ቢበዛ አንድ ተኩሉን ብቻ ይግቡ፤ ከፊትዎ ያሉት ሁሉ ጥለው በተን ላይ ከደረሰዎት ከአሥር እስከ አራቱን መግባት ይችላሉ። የሚገቡ ከሆነም ኮል ብለው ሳይሆን ሬይዝ አድርገው ይግቡ፤ ሬይዝ ሲያደርጉ ሁሉም ጥለው ገንዘቡን ወዲያው ሊያገኙት ይችላሉ፤ ኮል ያለ ሰው ግን ያ ዕድል የለውም።

ከመክፈል በፊት የሚሠራ ሂሳብ

ይህን ክፍል ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፣ ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ ያዳነልኝ እርሱ ስለሆነ ነው። ሂሳቡ ከባድ አይደለም፤ መሸጫ ላይ መልስ ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይችለዋል።

መሐል ላይ 60 ዶላር አለ እንበል፤ ተጋጣሚዎ 30 ዶላር ጨመረ። እርስዎ 30 ከፍለው የሚያገኙት 90 ነው፤ ከከፈሉ በኋላ ጠቅላላው 120 ይሆናል። 30 የ120 ሩብ ስለሆነ፣ ክፍያው ትክክል እንዲሆን ቢያንስ ከመቶ 25 ጊዜ ማሸነፍ አለብዎት። ከዚህ በታች ከሆነ፣ ዛሬ ቢያሸንፉም እንኳ፣ ክፍያው ኪሳራ ነው።

ቀጥሎ የሚቆጠረው የሚያድንዎት ካርታ ነው። አራት ልብ አለዎት፤ ሁለቱ በእጅዎ፣ ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ። ከ13ቱ ልብ አራቱ ስለታዩ ዘጠኝ ቀርተዋል። ሪቨር ብቻ በቀረበት ጊዜ ያላዩት ካርታ 46 ነው፤ 9 ለ46 ሲካፈል ከመቶ 20 አይሞላም። ከላይ ያለው ክፍያ 25 ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፍላሹ ከሞላ በኋላ ተጋጣሚው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍለኛል ብለው በበቂ ምክንያት ካላመኑ በስተቀር ይጥሉታል። ጠረጴዛ ላይ ማካፈል ስለማይመች ተጫዋቾች አቋራጭ አላቸው፤ አንድ ካርታ ከቀረ የሚያድንዎትን ካርታ ብዛት በሁለት፣ ሁለት ካርታ ከቀረ በአራት ያባዙት፤ የሚያገኙት ቁጥር በግርድፉ የመቶኛ ዕድልዎ ነው።

በዚህ አቋራጭ ላይ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ፤ ሂሳቡን ያወቁ ሰዎች ሁሉ የሚሠሩት ስለሆነ ይበልጥ ልብ ይበሉት። ፍሎፕ ላይ አራት ልብ ያለው ሰው በአራት አባዝቶ «ከመቶ 36 ያህል ዕድል አለኝ» ይልና ይከፍላል። ይህ ቁጥር በግርድፉ ትክክል የሚሆነው ሁለቱንም ካርታዎች በዚያ አንድ ክፍያ ብቻ የሚያይ ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ ከሁለት አንዳቸው ያላቸውን ገንዘብ ሁሉ ካስገቡ። ተጋጣሚው ተርን ላይ እንደገና የሚያስይዝ ከሆነ ግን አሁን የሚገዛው አንድ ካርታ ብቻ ነው፤ ዕድሉም ከመቶ 19 ነው። ሁለት ጊዜ እየከፈሉ የአንድ ጊዜ ክፍያ አድርጎ ማሰብ ጀማሪን ከሚያደሙት ነገሮች አንዱ ነው።

አምስት ተከታታይ ቁጥር ለመሙላት መሐል ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የጎደለው ሰው ደግሞ የሚያድኑት አራት ካርታዎች ብቻ ናቸው። ቀጣዩ ካርታ ላይ የሚመጣለት ከ12 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ ለዚህ መክፈል ተገቢ የሚሆነው ክፍያው በጣም ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው። ትንሽ ጥንድ ይዞ ሦስተኛውን የሚጠብቅም ፍሎፕ ላይ የሚያገኘው ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ጊዜ አንዱን ነው፤ ስለዚህ ራሱም ተጋጣሚውም ከፊታቸው ብዙ ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ የሚያዝ ምልክት) ከሌላቸው መጠበቁ አያዋጣም፤ ሲመጣለት የሚከፈለው ገንዘብ ያለፉትን ስምንት ክፍያዎች መሸፈን አለበትና።

ከሂሳቡ ጎን ለጎን ሰውን ማንበብ አለ፤ በዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ማንበብ የሚባለው ሲኒማ ላይ እንደሚታየው የዓይን ጥቅሻ መከታተል አይደለም። የውርርዱን አካሄድ ማስታወስ ነው። አንድ ምሽት ጥንድ ኪንግ ይዤ ፍሎፕም ተርንም ላይ አስይዤ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ሁለቱንም ጊዜ ኮል አሉኝ፤ ሪቨር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሳስይዝ ግን ሬይዝ አደረጉ። ሰውዬው በአራት ሰዓት ውስጥ አንድም ጊዜ ሬይዝ ሲያደርጉ አላየሁም ነበር። ጥንድ ኪንግ ማለት ከ221 ዙር አንድ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው፤ እንዴት እጥለዋለሁ ብዬ 140 ዶላር ከፈልኩ፤ እርሳቸውም በፍሎፕ የሞላላቸውን ሦስት ስምንት አሳዩኝ። ከዚያ ምሽት በኋላ ያገኘኋቸው ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ይነግሩኛል፦ በዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ ዝምተኛ ሰው ሪቨር ላይ ሬይዝ ካደረገ ይመኑት። የከፈልኩት ካርታው ውድ መስሎኝ ነው፤ ካርታ ግን ሲሰጥ የነበረው ዋጋ ፍሎፕ ላይ ይለወጣል፣ ተርን ላይ ይለወጣል፣ ሪቨር ላይም ይለወጣል።

ስለ ብላፍም እዚሁ ላንሳው፤ ያለ ካርታ አስይዞ ሌላውን ማስጣል ማለት ነው። መሐል ያለውን ግማሽ ያህል አስይዘው ብላፍ ቢያደርጉ እንዳይከስሩ ከሦስት ጊዜ አንዱን መሳካት አለበት፤ መሐል ያለውን ያህል ካስያዙ ደግሞ ከሁለት አንዱን። ይህ በአንድ ሰው ላይ ነው። ሦስት ሰዎች ካሉና እያንዳንዱ ከሁለት አንድ ጊዜ የሚጥል ቢሆን፣ ሦስቱም በአንድነት የሚጥሉት ከስምንት ጊዜ አንዱን ብቻ ነው። በተጨማሪ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰው ለማየት የመጣ ነው፤ የማይጥልን ሰው ማስጣል አይቻልም። ጀማሪ ብላፍ ቢቀንስና ጥሩ ካርታ ሲይዝ ያለ ሐፍረት ብዙ ቢያስይዝ ይሻለዋል።

ውጤቱና ውሳኔው

ጥንድ ኤስ ከጥንድ ኪንግ ጋር ተገናኝቶ ያለው ገንዘብ ሁሉ ከፍሎፕ በፊት ቢገባ፣ ኤሱ ከመቶ 82 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። ይህም ማለት ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ይሸነፋል ማለት ነው። ያ አንዱ ዛሬ ከደረሰብዎት የሠሩት ስሕተት የለም፤ ነገም ያንኑ ማድረግ አለብዎት። ተቃራኒው ግን ይበልጥ አደገኛ ነው፤ መጥፎ ክፍያ ከፍለው ያሸነፉበት ምሽት መጥፎውን ልማድ ያስተምርዎታል።

ዶይል ብረንሰን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 የዓለም ፖከር ተከታታይ ውድድርን ዋና ዋንጫ ሲወስድ፣ በሁለቱም ዓመት በመጨረሻው ዙር የያዘው 10 እና 2 ነበር። በሁለቱም ጊዜ ፍሎፕ ሲገለጥ ተጋጣሚው በልጦት ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ ቀጣዮቹ ካርታዎች ገለበጡለት። እስከ ዛሬ 10 እና 2 በስሙ ይጠራል፤ እስከ ዛሬም በየጠረጴዛው «የዶይል ካርታ» ብሎ 10 እና 2 የሚጫወት ጀማሪ አይጠፋም። ብረንሰን ታላቅ ተጫዋች የሆነው ግን በዚያ ካርታ ምክንያት አይደለም። እንደዚሁ እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ ማኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በ86 ዶላር ማጣሪያ አልፎ በዚሁ ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ በመላው ዓለም ብዙ ሰው ወደ ጨዋታው ጎርፏል። በዚያ ውድድር 839 ሰዎች ነበሩ፤ የ838ቱን ታሪክ የሚነግረን የለም።

አንድ ሰው ጥሩ ተጫዋች መሆኑን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው። በየመቶው ዙር በአማካይ አምስት ትልቅ ብላይንድ (ከሁለቱ የመነሻ ገንዘቦች የትልቁን አምስት እጥፍ) የሚያተርፍ ጎበዝ ሰው እንውሰድ፤ ይህም በ1 እና 2 ዶላር ጠረጴዛ 10 ዶላር ነው። በሳምንት ስምንት ሰዓት ቢጫወት በአንድ ወር ገደማ 1,000 ዙር ያያል፤ የሚጠበቅለት ትርፍ 100 ዶላር ነው። በዚህ ጨዋታ በተለመደው መዋዠቅ ግን በዚያው ወር 450 ዶላር መክሰሩ ምንም የሚያስገርም አይደለም፤ 650 ማትረፉም እንዲሁ። ስለዚህ የመጀመሪያ ወርዎን በትርፍ ካጠናቀቁ ሥራዎን ለመተው አያስቡ፤ በኪሳራ ካጠናቀቁም ተስፋ አይቁረጡ። የሚመዘነው በዚያ ወር የከፈሏቸው ክፍያዎች ትክክል መሆናቸው ነው።

ይህን በአእምሮ ማወቅና በጠረጴዛ ላይ መቻል ግን ይለያያሉ። ተጫዋቾች ቲልት የሚሉት ነገር አለ፤ በሽንፈት ተናዶ ያጣውን ለማስመለስ ሲል ያልተለመደ ነገር መጫወት ነው። ንዴቱን በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ለማብረድ የሚሞክር ሰው አይሳካለትም። እኔን የረዳኝ ቀላል ነው፤ ትልቅ ዙር ከተሸነፍኩ በኋላ ቀጣዩን ዙር ካርታዬን ሳላይ ተነሥቼ ከአዳራሹ እወጣለሁ፤ አሥር ደቂቃ እራመዳለሁ፤ ስመለስ አሁንም ያ ሰውዬ ካናደደኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ድካምም ከንዴት አይተናነስም። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚያጣውን ገንዘብ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚያ ሰዓት ሂሳቡ ሁሉ «ልየው» ወደሚለው አንድ ቃል ያጥራል።

ገንዘቡ

ለጨዋታ የሚሆን ገንዘብ ከኑሮ ገንዘብ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። የቤት ኪራይ፣ ወደ አገር ቤት ለእናት የሚላከው፣ የደረሰ እቁብ፣ እነዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚወጡ ገንዘቦች አይደሉም። በተጫዋቾች ዘንድ የተለመደው መመዘኛ፣ ለሚጫወቱበት ጠረጴዛ ከ20 እስከ 30 ጊዜ መግቢያ የሚሆን ገንዘብ መያዝ ነው። በ1 እና 2 ዶላር ጠረጴዛ ሙሉ መግቢያው 200 ዶላር ከሆነ ከ4,000 እስከ 6,000 ዶላር መሆኑ ነው። ይህ የሌለው ሰው መጫወት አይችልም ማለቴ አይደለም፤ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ለመዝናናት 200 ዶላር ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ሲያልቅ ግን ወደ ገንዘብ ማውጫው ማሽን መሄድ የለም፤ ከጓደኛ መበደርም የለም። ስቱ አንገር የዓለሙን ዋንጫ ሦስት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ በ1981 እና በ1997 አሸንፎ፣ በ1998 ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ርካሽ ሞቴል ክፍል ይህ ነው የሚባል ሀብት ሳይኖረው ሞተ። በካርታ ችሎታው የሚስተካከለው ጥቂት ነበር።

ጀማሪ የማያየው ሌላ ወጪ ሬክ ነው፤ አዳራሹ ከየዙሩ የሚወስደው ድርሻ። በኔቫዳ ደንብ ከፍተኛው 10 በመቶ ሲሆን በተግባር ጥቂት ዶላር ላይ ይቆማል። በአማካይ ከአንድ ዙር 4 ዶላር ቢወሰድና በሰዓት 30 ዙር ቢከፋፈል፣ ከጠረጴዛው በሰዓት 120 ዶላር ይወጣል ማለት ነው፤ ለዘጠኝ ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 13 ዶላር ነው፤ ለአከፋፋዩ የሚሰጠው ጉርሻ ሳይጨመር። ከሌሎቹ ጋር እኩል የሚጫወት ሰው በረጅሙ እኩል አይወጣም፤ በሰዓት ያን ያህል ይከስራል። ይህም በትንንሽ ክፍያዎች ብዙ ዙር መግባትን የሚቃወም ሌላ ምክንያት ነው፤ ባልገቡበት ዙር የሚወሰድብዎት ሬክ የለምና።

በኢንተርኔት የሚጫወት ሰው ደግሞ በሚኖርበት ግዛት ፈቃድ ያለው ድርጅት መሆኑን ያረጋግጥ፤ ገንዘቡንም ሁሉ እዚያ አያስቀምጥ። ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት በጊዜው ትልልቅ የነበሩ ሦስት የፖከር ድረ ገጾችን ሲዘጋ፣ ገንዘባቸው ለዓመታት ታግቶ የቆየባቸው ብዙ ተጫዋቾች ነበሩ።

መዝገብ ይያዙ። ቀኑን፣ የገቡበትን ሰዓት፣ የወጡበትን ሰዓት፣ ይዘው የገቡትንና ይዘው የወጡትን ገንዘብ፣ ከመኪና ማቆሚያው ሳይነሡ ይጻፉ። የሰው ትዝታ ያሸነፈበትን ምሽት አጉልቶ የተሸነፈበትን ያደበዝዛል፤ «እኩል ነኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ከስረዋል። በአሜሪካ ደግሞ መዝገቡ ለታክስም ያስፈልጋል፤ የቁማር ትርፍ የሚታወጅ ገቢ ነው፤ በ2025 የወጣው ሕግም ከ2026 ጀምሮ ከኪሳራው ሊቀነስ የሚችለው 90 በመቶው ብቻ እንዲሆን አድርጓል።

መዝገቡን ከቤተሰብ መደበቅ ከጀመሩ፣ ወይም ያጡትን ሳይናገሩ ማስመለስ ብቻ የሚያስቡ ከሆነ፣ ጉዳዩ የጨዋታ ችሎታ መሆኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ሎስ አንጀለስ የተመሠረተው የቁማርተኞች መረዳጃ ማኅበር (Gamblers Anonymous) በአሜሪካ በብዙ ከተሞች ስም ሳይጠየቅ፣ ያለ ክፍያ ስብሰባ ያካሂዳል። በእኛ ዘንድ ይህ ነገር በሐፍረት ስለሚሸፈን ሰው የሚናገረው ቤት ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ቀድሞ መናገር ይቻላል።

ሥርዓቱና ይሉኝታው

ወደ አዳራሽ መጀመሪያ ሲሄዱ የሚያሳፍሩ ስሕተቶች ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ይወቋቸው። በኔቫዳ 21 ዓመት ያልሞላው መግባት አይችልም። ተራዎ ሳይደርስ ካርታዎን አይጣሉ፣ ውሳኔዎንም አይናገሩ። በአፍ የተናገሩት ያስገድዳል፤ «ሬይዝ» ካሉ አደረጉ። ሳይናገሩ አንድ ትልቅ ቺፕ ቢወረውሩ፣ ሬይዝ ለማድረግ አስበው ቢሆንም እንኳ፣ ኮል ተብሎ ይቆጠራል። ሬይዝ ሲያደርጉ ቺፑን በአንድ ጊዜ ያውጡ ወይም መጠኑን ቀድመው ይናገሩ፤ በሁለት ጊዜ ማውጣት አይፈቀድም። ካርታዎ ላይ አንድ ቺፕ ያስቀምጡበት፤ ያልተጠበቀ ካርታ በስሕተት ከተጣለው ጋር ሊሰበሰብ ይችላል። በዙር መሐል ከኪስ ገንዘብ መጨመር አይቻልም።

ለእኛ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው ቋንቋው ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ የፖከር አዳራሾች ዙሩ በሚካሄድበት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚፈቀደው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አጠገብዎ የተቀመጠው ጓደኛዎ ቢሆንና ስለ ልጆቹ በአማርኛ ቢጠይቁት እንኳ፣ ሌሎቹ ስለ ካርታ የምትነጋገሩ ሊመስላቸው ስለሚችል አከፋፋዩ ያስጠነቅቃችኋል፤ ትክክልም ነው። ሰላምታውን ከጠረጴዛው ተነሥቶ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ሁለት የአገር ልጆች በአንድ ዙር ሲገናኙ «ከወንድሜ ገንዘብ አልወስድም» ብለው ሳያስይዙ እስከ ሪቨር መሄዳቸው በእኛ ዘንድ ጨዋነት ይመስላል። በጠረጴዛው ላሉት ለሌሎቹ ሰባት ሰዎች ግን መመሳጠር ነው፤ በደንቡም የተከለከለ ነው፤ ደጋግሞ የታየበት ሰው ከአዳራሹ ይባረራል። ከወዳጅዎ ጋር በገንዘብ መጋጠም ካልፈለጉ ሌላ ጠረጴዛ ይጠይቁ። ይሉኝታ በሌላም መንገድ ያስከፍላል፤ «አሸንፎ ተነሣ እንዳይሉኝ» ብሎ ከደከመው በኋላ የሚቆይ፣ «ፈሪ እንዳይሉኝ» ብሎ ኮል የሚል ብዙ ነው። ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት ቺፑን ሰብስቦ መነሣት ይችላል፤ ነውርም የለበትም።

ለመጀመሪያዎቹ አሥር ምሽቶች የምመክረው ይህን ነው። ባሉት ጠረጴዛዎች ሁሉ በዝቅተኛው ይቀመጡ፤ የመውጫ ሰዓትዎን ከቤት ሳይነሡ ይወስኑ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከጥንድና ከትልልቅ ካርታ በስተቀር ሁሉንም እየጣሉ ማን ምን ይዞ እንደሚያስይዝ ይመልከቱ። ኮል ለማለት እጅዎ ወደ ቺፑ በሄደ ቁጥር ሁለት ቁጥሮችን በልብዎ ይበሉ፤ የምከፍለው ስንት ነው፣ የማሸነፍ ዕድሌስ ስንት ነው። ቤት ሲደርሱ ከምሽቱ ያስጨነቀዎትን አንድ ዙር ይጻፉ፤ መቀመጫዎን፣ ካርታዎን፣ መሐል የነበረውን ገንዘብ፣ የከፈሉትን። ማሸነፍዎን ወይም መሸነፍዎን ሳይጽፉ ለሚያምኑት ተጫዋች ያሳዩትና በእርስዎ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ይጠይቁት።